ከጋራ ሣጥናችን ለአንዲት እህት ትምህርት ይውጣ

እህቶቼ፣

በሚቀጥለው የወር ስብሰባችን አንድ ሐሳብ ለድምፅ ይቀርባል። ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ነኝና ምክንያቴን አስቀድሜ በጽሑፍ ላስረዳ። ማኅበራችን ከጋራ ሣጥኑ በየወሩ ጥቂት ጥቂት እየለየ፣ ዲግሪ ካላቸው እህቶቻችን አንዷን በርቀት ትምህርት የሙያ ደህንነትና ጤንነት እንድትማር ያግዛት ነው የምለው። ይህ ትምህርት ሥራ ሰውን እንዴት እንደሚያሳምምና እንደሚጎዳ፣ ጉዳቱም ሳይደርስ እንዴት እንደሚቀር የሚያጠና ነው። ብዙ ጊዜ ከአካባቢ ጤና ጋር አብሮ ይሰጣል፤ ሰው ሲሠራ የሚተነፍሰው አየር፣ የሚነካው ኬሚካልና የሚያድርበት ክፍል አንድ ላይ ይታያልና።

ሐሳቡ ገና ሲወራ የተቃወሙ አሉ። ደግ ነው፣ የጋራ ገንዘብ ነው፣ ይቃወሙ። እኔ ገንዘብ ያዥ ነኝ፤ ሣጥኑ ምን ያህል ቀላል እንደሆነ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ለራሴ ብዬም አይደለም። ትምህርቴን አሥረኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ ሰው ነኝ፤ ይህ ዕድል እኔ ጋ አይደርስም። ከታች የምጽፈውን ያወቅኩት ከተመራቂ እህቶቻችን ጋር በየእሁዱ ቁጭ ብዬ፣ እነሱ እያነበቡልኝ እኔ እየጠየቅኩ ነው። ሐሳቡን ግን ከእነሱ ይልቅ እኔ ማቅረብ አለብኝ ያልኩት፣ የወጪ መዝገቡን የምይዘው እኔ ስለሆንኩ ነው።

መዝገባችን ላይ የሌለ ቃል

መዝገቡን ብትከፍቱ የምታገኙት ይኼንን ነው፦ ለሆስፒታል መያዣ፣ ለመድኃኒት፣ ለትኬት፣ አስከሬን ለመሸኘት። ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ «ታመመች»፣ «ወደቀች»፣ «ራሷን ሳተች»፣ «ሞተች» ተብሎ ተጽፏል። ይህን የጻፍኩት እኔም ከእኔ በፊት የነበረችውም ነን፤ የተነገረንን ነው የጻፍነው። «የሥራ አደጋ» ወይም «ከሥራ የመጣ በሽታ» የሚል ግን አንድም ቦታ የለም። እህታችን ወደቀች፤ ግን ከየት? ምን እየሠራች? ስንት ሰዓት ቆማ ስትሠራ ቆይታ? የጠየቀ የለም፣ የተጻፈም የለም።

ይህ የእኛ መዝገብ ችግር ብቻ አይደለም። ሂዩማን ራይትስ ዎች እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2008 ስለ ሊባኖስ ባወጣው መግለጫ፣ ከጥር 2007 ጀምሮ ቢያንስ 95 የውጭ አገር የቤት ሠራተኞች እዚህ አገር መሞታቸውን ተናገረ። በሳምንት ከአንድ በላይ ማለት ነው። ከ95ቱ ውስጥ ኤምባሲዎች 40ውን ራሳቸውን ያጠፉ ብለው መዘገቡ፤ 24ቱ ከፎቅ ወድቀው የሞቱ ናቸው፣ ብዙዎቹ ለማምለጥ ሲሞክሩ። በበሽታ የሞቱት 14 ብቻ ነበሩ። እነዚህ ወጣት ሴቶች ናቸው፤ አብዛኞቻችን ከመምጣታችን በፊት የጤና ምርመራ አልፈን፣ ጤነኛ ተብለን የገባን ነን። ጤነኛ ሆኖ የገባ ሰው በዚህ ብዛት ሲሞት መጠየቅ ያለበት ሥራው ነው። በፋብሪካ ቢሆን ኖሮ ፋብሪካው ይመረመር ነበር። ቤት ስለሆነ ግን ፖሊስ መጥቶ ማዳምን ይጠይቃል፣ ወረቀት ይሞላል፣ ያበቃል።

ከ300 ዓመት በፊት ጣሊያን አገር በርናርዲኖ ራማዚኒ የሚባል ሐኪም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1700 ስለ ሠራተኞች በሽታ መጽሐፍ አሳተመ። ሐኪም በሽተኛውን ከሚጠይቀው ሁሉ ላይ «ሥራህ ምንድነው?» የሚለውን እንዲጨምር መከረ። ልብስ አጣቢ ሴቶች እንኳ በዚያ መጽሐፍ የራሳቸው ምዕራፍ አላቸው። ለመሆኑ እኛ ክሊኒክ ስንሄድ ሥራችን ምን ምን እንደሆነ፣ በምን እንደምናጸዳ፣ ስንት ሰዓት እንደምንተኛ ማን ጠይቆን ያውቃል? ስንት እህት ይዤ ሄጃለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ሕመሙ የምትናገረው አብራ የመጣችው ማዳም ናት። እህታችን አልጋው ላይ ቁጭ ብላ ትሰማለች።

ቤት የሥራ ቦታ አይደለም ያለው ማነው?

ሕግ ነው ያለው። እ.ኤ.አ. በ1946 የወጣው የሊባኖስ የሥራ ሕግ በአንቀጽ 7 የቤት ሠራተኞችን ከሕጉ ውጭ አድርጓል። የሥራ ሰዓቱ፣ የዕረፍቱ ደንብ እኛን አይመለከትም። በዚያ ፈንታ ያለን ውልና ካፋላ ነው። እውነቱን ለመናገር የገዛ አገራችንም ከዚህ ብዙ አልራቀችም፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የቤት ውስጥ የግል አገልግሎት ቅጥርን ከወሰኑ ውጭ አድርጎ፣ ደንብ ይወጣለታል ብሎ አልፎታል። አዲስ አበባ ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራው ልጅም እንደኛው ናት።

በዓለም ደረጃ ግን ጉዳዩ ተወስኗል። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ያጸደቀው ስምምነት ቁጥር 189፣ በአንቀጽ 13 ላይ ማንኛዋም የቤት ሠራተኛ ደህንነቱና ጤንነቱ በተጠበቀ ቦታ የመሥራት መብት እንዳላት ይደነግጋል። ሊባኖስ አልፈረመችውም። በሰኔ 2022 ደግሞ ያው ድርጅት ደህንነቱ የተጠበቀ የሥራ ቦታን ከመሠረታዊ የሠራተኛ መብቶች አንዱ አድርጎ ጨመረው። ድርጅቱ እንደሚገምተው በዓለም ላይ 75.6 ሚሊዮን የቤት ሠራተኞች አሉ፤ ከአራቱ ሦስቱ ሴቶች ናቸው። መብቱ ወረቀት ላይ አለ። የጎደለው ቤቱ ውስጥ ያለውን አደጋ መዝኖ፣ ቆጥሮ፣ ጽፎ «ይኸውና» የሚል ሰው ነው። ያ ሰው ከውጭ ቢመጣ በሩ አይከፈትለትም። እኛ ግን ውስጥ ነን።

ትምህርቱ ምን ይለውጣል?

አንዳንዶቻችሁ «ክሎሮክስ እንደሚያቃጥል ለማወቅ ማስተርስ ያስፈልጋል ወይ?» ብላችኋል። ጥሩ ጥያቄ ነው። አያስፈልግም። ትምህርቱ የሚያመጣው ሌላ ነገር ነው፤ በሁለት ሦስት ምሳሌ ላሳያችሁ።

አንደኛው የመከላከያ ቅደም ተከተል ነው። በዚህ ሙያ አደጋን መከላከል አምስት ደረጃ አለው። መጀመሪያ አደጋውን ከነጭራሹ ማስወገድ፤ ካልተቻለ አደገኛውን ባነሰ አደገኛ መተካት፤ ቀጥሎ በመሣሪያ ወይም በግንባታ መከለል፤ ከዚያ የአሠራርና የሰዓት ደንብ ማውጣት፤ ጓንትና ማስክ የሚመጡት ከሁሉም መጨረሻ ነው። እዚህ ቤት ውስጥ ግን የሚደረገው ተገላቢጦሽ ነው። ማዳም ጓንት ገዝታ ሰጥታ «በቃ ተጠንቀቂ» ትላለች፤ ከዚያ የሚሆነው ሁሉ የሠራተኛዋ ጥፋት ይሆናል። ስድስተኛ ፎቅ ላይ የመስኮቱን የውጭ መስታወት ማጽዳትን በዚህ ቅደም ተከተል እዩት። የመጀመሪያው ጥያቄ «እንዴት ልጠንቀቅ» አይደለም፤ «ይህ መስታወት ሰው ወደ ውጭ ሳይወጣ ሊጸዳ ይችላል ወይ?» ነው። ረጅም እጀታ ያለው መጥረጊያ ይበቃል? ካልበቃስ ገመድና መከለያ ያለው የሕንጻ ጽዳት ሠራተኛ የሚሠራው አይደለም ወይ? ጥያቄው ሲገለበጥ ጥፋተኛውም ይቀየራል። «አልተጠነቀቀችም» የሚለው ቀርቶ «ለምን እዚያ ላይ አቆማችኋት?» ይሆናል።

ሁለተኛው ኬሚካል ነው። በረኪናና የሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ሲቀላቀሉ የክሎሪን ጋዝ እንደሚወጣ፣ በረኪና አሞንያ ካለበት ማጽጃ ጋር ሲገናኝም ሌላ መርዘኛ ጋዝ እንደሚወጣ ልንነጋገር እንችላለን፤ በየስብሰባውም እንናገራለን። ይህ የአንድ ቀን አደጋ ነው፤ የሚያስለው ወዲያው ያስላል። ቀስ ብሎ የሚመጣውስ? የኖርዌይ የበርገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጡት ጥናት ከ6 ሺህ በላይ ሰዎችን ለ20 ዓመት ያህል ተከታትሏል። በጽዳት ሥራ የሚተዳደሩም ሆኑ ቤታቸውን ራሳቸው የሚያጸዱ ሴቶች፣ ከማያጸዱት ይልቅ የሳንባቸው አቅም ቶሎ ቶሎ ሲቀንስ አገኙ። ልብ በሉ፣ እነዚያ የአውሮፓ ሴቶች ናቸው፤ በሕግ የተወሰነ የሥራ ሰዓት ያላቸው፣ ማታ ቤታቸው የሚገቡ። በየቀኑ፣ በተዘጋ መታጠቢያ ቤት ውስጥ፣ ለስድስትና ሰባት ዓመት የምንሠራው እኛስ? የእኛን ሳንባ ማንም አልለካም። የተማረች እህት ብትኖረን ግን መጠየቂያ ቅጹን አዘጋጅታ፣ ማን መቼ ማሳል እንደጀመረች፣ ቅዳሜና እሁድ ዕረፍት ላይ ይሻላት እንደሆነ መዝግባ፣ ሐኪም ሊክደው የማይችል ወረቀት ታወጣለች። ከሥራ የሚመጣ አስም አንዱ መለያው ከሥራ ሲርቁ መሻሉ ነው። ይህን አንዷ ብትናገር ወሬ ይባላል፤ መቶዎቻችን በአንድ ዓይነት ቅጽ ስንመልስ ግን ማስረጃ ነው።

ሦስተኛው ሰዓት ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 በጋራ እንዳስታወቁት፣ በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠራ ሰው ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠራው ይልቅ በስትሮክ የመያዝ ዕድሉ በ35 በመቶ፣ በልብ ሕመም የመሞት ዕድሉ በ17 በመቶ ከፍ ይላል። አሁን ኮንትራት ላይ ያለች እህታችንን እናስላ። በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተነስታ ማታ 4 ሰዓት ላይ ብትተኛ በቀን 16 ሰዓት ነው። ሰኞ ብትጀምር፣ ሐሙስ ቀን 7 ሰዓት ላይ 55ቱ ሰዓት ይሞላል። ከዚያ በኋላ ያለው የሐሙስ ከሰዓት፣ ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ ለብዙዎችም እሁድ፣ ሁሉም ከዚያ በላይ ነው። «ደክሞኛል» ስንል ስንፍና የሚመስለው ሰው ይህን ሒሳብ ቢያይ ምን ይላል? ወገብ፣ ጉልበት፣ ራስ ምታት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ የመንፈስ ጭንቀት፤ ሁሉንም ለየብቻ እያነሳን ፓናዶል እንውጥለታለን። ይህ ትምህርት አንድ ላይ አድርጎ «ይህ ከሥራ የመጣ ነው» የማለት ሙያ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ? እኛ ደግሞ የደበቅነው ወደን ሳይሆን ስሙን ስለማናውቀው ነው።

እዚህ ሆኖ መማር ይቻላል ወይ?

ይቻላል፤ ግን ቀላል ነው አልልም። ነገሩን እንዳለ ልንገራችሁ።

የርቀት ትምህርት ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። የደቡብ አፍሪካው ዩኒሳ አቃቂ ላይ ማዕከል ከፍቶ ያስተማረው ብዙ ሰው ነው። ወደ ሙያችን ስንመጣ፣ የእንግሊዙ የማንችስተር ዩኒቨርሲቲ የሙያ ጤናን በርቀት ለብዙ ዓመታት ሲያስተምር የቆየ ነው፤ የለንደኑ የሐሩር አገር በሽታዎች ትምህርት ቤትም የሕዝብ ጤናን በርቀት ያስተምራል። አገራችን ውስጥ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የአካባቢና የሙያ ጤና ደህንነት ትምህርት ክፍል አለው። ጎንደር በዚህ በኩል የቆየ ስም አላት፤ ከ1947 ዓ.ም. ጀምሮ የሕዝብ ጤና ኮሌጁ ጤና መኮንኖችን፣ ነርሶችንና ሳኒታሪያኖችን አብሮ ያሠለጥን ነበር። ሳኒታሪያን ማለት ምንጩንና መጸዳጃውን እየዞረ የሚያይ፣ በሽታውን ሆስፒታል ሳይደርስ መንደሩ ውስጥ የሚፈልግ ባለሙያ ነው። እኛ የምንፈልገው የቤይሩት ፎቆችን እንደዚያ የምታይ ሴት ነው።

በእንግሊዝ አሠራር የማስተርስ ትምህርት በ180 ክሬዲት ይቆጠራል። ነገር ግን ደረጃ ደረጃ አለው፦ 60 ክሬዲት ሲሞላ የድኅረ ምረቃ ሰርተፍኬት፣ 120 ሲሞላ ዲፕሎማ፣ 180 ሲሞላ ማስተርስ። አንድ ክሬዲት 10 ሰዓት ጥናት ተብሎ ይታሰባል። ስለዚህ ሰርተፍኬቱ 600 ሰዓት ነው። በሁለት ዓመት ብታካፍሉት በሳምንት 6 ሰዓት አይሞላም። እሁድ የምትወጣ፣ ወይም ፍሪ ሆና በሰዓት የምትሠራ እህት ልትችለው ትችላለች። ተዘግቶባት የምትውለዋ አትችልም፤ ይህን አንካድ። ለዚህ ነው የምትችለዋ ለማትችለዋ ትማር የምለው።

እንቅፋቶቹ እነዚህ ናቸው። ክፍያው ሙሉውን ብንደምረው በሺዎች ፓውንድ የሚቆጠር ነው። የኮመንዌልዝ የርቀት ትምህርት ስኮላርሺፕ የሚባል አለ፤ ግን ለኮመንዌልዝ አባል አገሮች ዜጎች ነው፣ ኢትዮጵያ አባል አይደለችም። ስለዚህ እዚያ ላይ ጊዜ አናጥፋ። ዲግሪና ትራንስክሪፕት ያስፈልጋል፤ ብዙዎቻችን ስንመጣ ዲግሪያችንን ደብቀን ነው የመጣነው፣ ወረቀቱ እናት ቤት ሣጥን ውስጥ ነው ያለው። እሱን በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣንና በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማረጋገጥ አገር ቤት ባለ ሰው በኩል የሚሠራ ሥራ ነው። ፓስፖርት ያስፈልጋል፤ የብዙዎቻችን ፓስፖርት አሠሪ እጅ ነው ያለው። እንግሊዝኛ ፈተና አለ። አንዳንዱ ትምህርት ለሐኪሞች ብቻ ነው፤ አንዳንዱ በዓመት ጥቂት ቀን በአካል ቅረቡ ይላል፣ በእኛ ፓስፖርትና በካፋላ ቪዛ ደግሞ ያ ሕልም ነው። ሙሉ በሙሉ በርቀት የሚሰጠውን፣ የሳይንስ ወይም የጤና ዲግሪ ላላት ክፍት የሆነውን መርጠን ነው ማመልከት ያለብን። ሌላም አለ፦ ገንዘብ ተቀብለው ዋጋ የሌለው ዲግሪ የሚሸጡ አሉ። «ያለ ፈተና፣ በስድስት ወር ማስተርስ» ያላችሁን ሁሉ ሩጡ ሽሹት።

ከክፍያ በፊትም መጀመር ይቻላል። ኦ ኤች ቲ ኤ የሚባል ዓለም አቀፍ የሙያ ጤና ሥልጠና ማኅበር የማስተማሪያ መጻሕፍቱን በነጻ ያወርዱት ዘንድ አስቀምጦታል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በኦፕን ደብልዩ ኤች ኦ ላይ ነጻ ትምህርቶች አሉት። በስልክ ይነበባሉ። እጩ ነኝ የምትል እህት መጀመሪያ እነዚህን አንብባ ታሳየን። ካልወደደችው ገና ገንዘብ ሳይወጣ ታውቀዋለች።

የተቃወሙኝ እህቶች

«አስከሬን መሸኛ ያጣንበት ወር አለ፤ የምን ማስተርስ ነው?» ያለችኝ እህት አለች። ይህን ቃል ቀላል አድርጌ አላየውም። ያ ወር ሲመጣ ደውዬ የለመንኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ የምለው የድንገተኛው ገንዘብ እንዳይነካ ነው። ከወርሃዊ መዋጮ ትንሽ ድርሻ በሌላ ሣጥን ይቀመጥ፤ ድንገተኛ ሲመጣ መጀመሪያ ድንገተኛው፤ ትምህርቱ አንድ ወር ይጠብቅ። ግን ይህንንም እንጠይቅ፦ ሣጥናችንን እስከ መቼ ነው የመቃብር ሣጥን ብቻ የምናደርገው? ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው የእኛው አባባል ነው። እኛ እያደረግን ያለነው ከተቃጠለ በኋላ ቅጠል ማዋጣት ነው። እድር ሞትን አያስቀርም፤ እድር ያለ ሌላ ነገር ብቻውን ደግሞ ለሞት መመቻቸት ይሆናል።

ሁለተኛዋ «ተምራ ካናዳ ትሄዳለች» አለች። ልትሄድ ትችላለች። ማንንም ልናስር አንችልም፤ መታሰር ምን እንደሆነ ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም። ግን ገንዘቡን አንድ ላይ አንሰጣትም። ክፍያው በትምህርቱ ክፍል ይሁን፤ አንድ ክፍል ጨርሳ፣ የተማረችውን በአማርኛ አንድ ገጽ አድርጋ በዚህ መጽሔት ላይ አውጥታ፣ አንድ እሁድ አስተምራን፣ ከዚያ የሚቀጥለው ይከፈልላት። መንገድ ላይ ብታቆም እንኳ የተማረችው እኛ ጋ ይቀራል። ደግሞም ሄዳም ቢሆን፣ የቤት ሠራተኛ የነበረች የሙያ ጤና ባለሙያ በዓለም ላይ አንዲት መጨመሯ ለእኛ ኪሳራ አይደለም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉም የከበደኝ ነው። «ብናውቅስ? ማዳም ትሰማለች ወይ? ያወቀ ሰው የበለጠ ይበሳጫል እንጂ» ያለችው እህት ፍሪ ሳትወጣ ስምንት ዓመት አንድ ቤት የሠራች ናት። እውነቷን ነው፣ በአንድ ቤት ውስጥ አንዲት ሴት ሳይንስ ይዛ ብቻዋን ብትቆም የሚለወጠው ጥቂት ነው። ምናልባት የማጽጃውን ዓይነት ታስቀይር ይሆናል፣ ምናልባት የመታጠቢያ ቤቱን መስኮት ከፍታ ትሠራ ይሆናል። ይህም ሳንባ ነው፣ አይናቅ። ትልቁ ለውጥ ግን ቤቱ ውስጥ አይደለም የሚመጣው። ኤምባሲያችን ስለ ውል ሲደራደር ጠረጴዛው ላይ ምን ይቀርባል? ደመወዝ ይቀርባል፣ ትኬት ይቀርባል። የሥራው ጉዳት አይቀርብም፤ የጻፈው የለምና። የሥራ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2020 አዲስ መደበኛ ውል አወጣ፤ በዚያው ዓመት በሠራተኛ አስመጪ ቢሮዎች ከሳሽነት በፍርድ ታገደ። ነገ ሌላ ውል ይረቀቃል። ያኔ «የውጭ መስታወት ከሁለተኛ ፎቅ በላይ ሠራተኛ አታጽዳ»፣ «በረኪናና አሲድ በአንድ ቀን አይታዘዝ» የሚል አንቀጽ ቁጥርና ማስረጃ ይዞ የሚያቀርብ ሰው ከእኛ መካከል ካልኖረ፣ ስለ እኛ ሌሎች ይጽፋሉ። የሚጽፉልን ብዙ መልካም ሰዎች አሉ፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው። መጥተው ይጠይቁናል፣ እንመልሳለን፣ ይሄዳሉ፣ ጥናቱ በእንግሊዝኛ ይወጣል። ከዚያ የጥያቄውን ወረቀት የምታዘጋጀው ሴት ከእኛ አንዷ እንድትሆን ነው የምፈልገው። ምን መጠየቅ እንዳለበት የምታውቀው እሷ ናት።

ለድምፅ የሚቀርበው

ስለዚህ ሐሳቤ በአጭሩ ይህ ነው። አንደኛ፣ ለትምህርቱ የተለየ ሣጥን ይከፈት፤ መጠኑን ስብሰባው ይወስን፤ መስጠት የማትችል አትስጥ፣ ስሟም አይነሳ። ሁለተኛ፣ ከተመራቂ እህቶቻችን የምትፈልግ ትመዝገብ፤ ምርጫው በዘርም በሃይማኖትም አይሁን፣ ነጻዎቹን መጻሕፍት አንብባ በፊታችን በምታስተምረው ይሁን። ሦስተኛ፣ መጀመሪያ የምንከፍለው እስከ ሰርተፍኬቱ ድረስ ብቻ ይሁን፤ ከዚያ በላይ ያለው እንደገና ለድምፅ ይቅረብ። አራተኛ፣ ይህኛው ገንዘብ አይፈልግምና ከዛሬ ይጀመር፦ በወጪ መዝገባችን ላይ አዲስ ረድፍ እጨምራለሁ። አንዲት እህት ስትታመም ወይም ስትጎዳ «ምን እየሠራች ነበር? በምን? ከስንት ሰዓት ጀምሮ? ለመጨረሻ ጊዜ ያረፈችው መቼ ነው?» ብለን እንጽፋለን። ስሟ አይጻፍም፣ የአሠሪዋም አይጻፍም፤ ሥራው ይጻፋል። የምትማረዋ እህት ሲመጣላት ባዶ ወረቀት አይጠብቃትም።

እስከዚያው ድረስ ኮንትራት ላይ ያላችሁ፣ የፓስፖርታችሁን የመጀመሪያ ገጽ በስልክ ፎቶ አንስታችሁ አገር ቤት ለምታምኑት ሰው ላኩ። ዲግሪ ያላችሁ፣ ወረቀታችሁ የት እንዳለ ቤተሰብ ጠይቁ። የምትጠቀሙበትን ማጽጃ ጠርሙስ ጀርባውን ፎቶ አንስታችሁ ለማኅበሩ ላኩ፤ ከዛሬ ጀምሮ እሰበስባለሁ።

የማይስማማ ይምጣና ይቃወመኝ። ዝም ብሎ ከመቅረት ይሻላል። እኔ ግን እጄን የማወጣው ለዚህ ሐሳብ ነው፤ መዝገቡ ላይ «ሞተች» ብዬ ስጽፍ ከጎኑ «በምን ምክንያት» የሚለውን የምትጽፍልኝ እህት እንድትኖረኝ እፈልጋለሁ።

የማኅበሩ ገንዘብ ያዥ፣ ቤይሩት